ሽማግሌ የተላከባት ሳጅን

እኛ ነገር ሁሉ በሽማግሌ ይፈታል ብለን የምናምን ሰዎች ነን። ባልና ሚስት ሲኮራረፉ ሽማግሌ፣ ልጅ ሲዳር ሽማግሌ፣ ወንድማማቾች በውርስ ሲጣሉ ሽማግሌ። አትላንታ ስንገባ ብዙ ልማድ ጥለን ነው የገባነው። ሳይደውሉ ሰው ቤት መሄድ ትተናል፣ ቀጠሮ ማክበር ጀምረናል (እሺ፣ እሱን ተዉት)፣ ሽማግሌን ግን አልጣልንም። እዚህ አገር ለጠብ ፖሊስ፣ ለክስ ጠበቃ፣ ለመኪና ግጭት ኢንሹራንስ አለ ቢሉን፣ "እሱማ አለ፤ ቢሆንም ሽማግሌ ቢገባበት አይከፋም" እንላለን።

በምንኖርበት በስማይርና አፓርታማ አንድ የአገራችን ሰው ነበር። የጎረቤቱ ውሻ እየጮኸ እንቅልፍ ቢነሳው ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ለአፓርታማው ቢሮ ያመለከተ እንዳይመስላችሁ። ሦስት ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ሱፋቸውን ግጥም አድርገው ለብሰው በሩን አንኳኩተው፣ "ለትልቅ ጉዳይ ነው የመጣነው" ብለው በተሰባበረ እንግሊዝኛ ሲጀምሩ፣ ሰውየው ሃይማኖት ሰባኪዎች መሰሉትና "አመሰግናለሁ፣ እኔ ቤተ ክርስቲያን አለኝ" ብሎ በሩን ዘጋ። ሽማግሌዎቹ ግን "አዘጋጉ የጨዋ ነው፣ ተስፋ አለው" ብለው ሪፖርት አደረጉ። ውሻው እስከ ዛሬ ይጮሃል።

ስለዚህ ባሌ ሰይድ ለአሜሪካ ወታደር ሽማግሌ ልላክ ብሎ ሲነሳ፣ እኔ ዘይነባ ብዙም አልደነቀኝም። የደነቀኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው።

ሰሚራ የበኩር ልጃችን ናት። ደሴ ተወልዳ ገና በእግሯ ሳትቆም ነው እዚህ ይዘናት የገባነው። እንግሊዝኛው እኛን ቀድሞ እሷን ለመዳት፣ እኛም ከሷ ጋር ተለማመድን። ልጅቷ ገና ጥርሷን ሳትቀይር የቤታችን አስተርጓሚ ሆነች። ስልክ ሲጮህ "ሰሚራ!"፣ ፖስታ ሲመጣ "ሰሚራ!"፣ ሐኪም ጋ ስንሄድ "ሰሚራ!"። አባቷ ታክሲ ይነዳል፤ እንግሊዝኛው ከኤርፖርት እስከ ዳውንታውን በደንብ ያደርሰዋል፣ ከዚያ ወዲያ ግን ነዳጅ ይጨርሳል። እኔ ሆቴል ውስጥ ሃውስኪፒንግ ነኝ፤ አንሶላ ደግሞ አያወራም። እና የቤቱን የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ለአንዲት ልጅ አስረክበን በሰላም እንኖር ነበር። የውጭ ጉዳይን የያዘ ሰው ምን ያህል ምስጢር በእጁ እንደሚገባ ግን አላሰብንበትም።

አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላት የወላጆች ቀን ተጠራን። አስተማሪዋ ፊት ለፊታችን ተቀምጣ ረጅም ንግግር አደረገች። እጇን ዘረጋች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ እንደገና እጇን ዘረጋች። እኔና ሰይድ እንደ ልማዳችን ወደ ሰሚራ ዞር አልን።

"ምን አለች?"

"ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አትረብሽም ነው የምትለው።"

ሰይድ ደስታውን አልቻለውም። ተነሥቶ የአስተማሪዋን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ። ሴትየዋ ለምን እንደተመሰገነች ሳይገባት እኛ ኮርተን ወጣን። ደግሞ እኮ ልጅቷ አልዋሸችም። ክፍል የማይገባ ሰው በምን አፉ ይረብሻል?

እውነቱ የወጣው መስጊድ በር ላይ ነው። ትምህርት ቤቱ ካፊቴሪያ ውስጥ የምትሠራ የአገራችን ሴት አገኘችኝና "ሰሚራን ተሻላት? ታማ ከረመች ሲሉ ሰምቼ ሳልጠይቅሽ" አለችኝ። የኔ በሽተኛ ለካ መኪና ካላቸው ጓደኞቿ ጋር ዱሉዝ ከተማ ሞል ለሞል ስትዞር ነው የከረመችው። ሰሚራ ክፉ ልጅ ሆና አይደለም። አንድ ቀን ቀረች፣ አልተነቃባትም፤ ደገመች፣ አልተነቃባትም። እንዲህ ሲሆን ማን ይመለሳል?

ያን ጊዜ ሁለት ነገር ሆነ። አንደኛው፣ እኔ ለማንም ሳልናገር ከሥራዬ አጠገብ ያለ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የእንግሊዝኛ ትምህርት ተመዘገብኩ። ቤት ኦቨርታይም እየሠራሁ ነው የሚመስላቸው። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እፈልገዋለሁ።

ሁለተኛው፣ የትምህርት ቤቱ አማካሪ ስለ አንድ ካምፕ ነገረችን። ከአትላንታ ወደ ደቡብ ብዙ ተነድቶ፣ ጥድ ብቻ ባለበት አገር፣ ከትምህርት የወደቁ ወጣቶችን እንደ ወታደር እያኖሩ የሚያስተምሩበት ቦታ ነው። ጦር ሜዳ አይልኳቸውም፣ ጠመንጃም አያስይዟቸውም። ሌላው ሌላው ግን ወታደር ቤት ነው፤ ጎህ ሳይቀድ መነሣት፣ መሮጥ፣ አልጋ ማንጠፍ፣ ሰልፍ፣ ከዚያ ትምህርት። ስልክ የለም፣ ቴሌቪዥን የለም። የጨረሰ ልጅ ዲፕሎማውን ይዞ ይወጣል። ሰሚራ ከእኩዮቿ እጅግ ወደ ኋላ ስለቀረች የቀረላት በር ይኸው ብቻ ነበር። የካምፑ ሕግ ደግሞ አጭር ነው። ማንንም በግድ አያስገቡም፣ ወላጅ ከፈረመ ማንንም በግድ አያስቀሩም፣ አንዴ የወጣውን ግን ደግመው አይቀበሉም።

ሰሚራ ፈረመች። "ከናንተ ጩኸት የነሱ ይሻላል" አለች። ጩኸት የምትለው ምን እንደሆነ ገና አላየችም ነበር። እዚያ እንኳን ቁጣው፣ ደህና አደራችሁም በጩኸት ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ስልክ መደወል አይፈቀድም። እኔ ዝም ብዬ ሥራዬን ሠራሁ። ሰይድ ግን ለሰው ሁሉ ኮስታራ ነው እንጂ ለሴት ልጁ ቅቤ ነው፤ በየቀኑ ቀለጠ። ሰው "ሰሚራ የት ሄደች?" ሲለው "አዳሪ ትምህርት ቤት" ይላል። "ምን ልታጠና?" ሲሉት ዝም ይላል። ዝምታው በአንድ ሰው አፍ ሲያልፍ ነርስ፣ በሁለተኛው ሲያልፍ ሐኪም አደረጋት። አንድ ቀን ኬኔሶ ከተማ ሠርግ ላይ አንዲት ሴት ወገቧን እያሻሸች "ዶክተሯ ስትመለስ ታየኛለች" ብላ ቀጠሮ ያዘችብኝ።

ከዚያ አንድ እሑድ ስልኩ ጮኸ።

"አባ፣ ፕሊስ ውሰደኝ" አለች እያለቀሰች። "አይ ካንት፣ አልቻልኩም። ሳጅኗ ትጠላኛለች። ፊቴ ላይ ነው የምትጮኸው። ድንጋይ ቀለም ታስቀባኛለች አባ! ኩዊት ማድረግ እፈልጋለሁ። አንተ ሳይን ካደረግክ ያስወጡኛል።"

ሰይድ ስልኩን እንደያዘ እንባው ወረደ። ተቀበልኩት።

"ሰሚራ፣ ቁርስ በላሽ?"

"አዎ፣ ግን እማ…"

"እንግዲያው ደህና ነሽ። በርቺ።" ዘጋሁት።

ጨካኝ በሉኝ። ሰይድም ብሎኛል። ግን ከዘጋሁ በኋላ ሻወር ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ እንዴት እንዳለቀስኩ እኔና ግድግዳው ነን የምናውቀው። ልጄ ናፍቃኛለች። ነገር ግን ካወጣናት የምትመለሰው ወደዚያው ሶፋ፣ ወደዚያው ሞል ነው። ያቺ በር ከተዘጋች ሌላ በር አላውቅላትም።

"ድንጋይ!" ይላል ሰይድ ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ። "ድንጋይ ቀለም የሚያስቀባ ሰው ጤነኛ ነው? ድንጋይ ምን ጎደለው?"

እሱ እፈርማለሁ አለ፣ እኔ ሬሳዬን ተራምደህ ነው አልኩ። ቀኑ ሳይመሽ ሰይድ የሚያውቀውን አደረገ። በሚቀጥለው ቀን ሳሎናችን ውስጥ ሦስት ሽማግሌ ተደርድረው ተቀመጡ። ዋናው ሼኽ እንድሪስ ናቸው፤ እንኳን የሰው፣ የጅንም ጠብ ያስታርቃሉ የሚባሉ፣ ነጭ ጀለቢያቸው ላይ ጉድፍ የማይገኝባቸው አባት። ሁለተኛው ሃምሳ አለቃ ታደሰ ናቸው፤ አገር ቤት ሳሉ ወታደር ነበሩ፣ እዚህ ፓርኪንግ ይጠብቃሉ፣ አጠባበቃቸው ግን አሁንም የጦር ሠፈር አጠባበቅ ነው። ሦስተኛው ጋሽ አሊ ናቸው። ጋሽ አሊ ብዙ አይናገሩም፣ ቫን ግን አላቸው።

"ልጅቱ ራሷ ናት አሉ የፈረመችው" አሉ ሼኽ እንድሪስ። "ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም። እኛ ትልልቆቹ ሄደን አለቃዋን እንለምን። ልጃችንን በክብር ትስጠን፣ ቤቷ ሆና ትማር።"

"ሼኽ፣ ሳጅኗ አሜሪካዊት ናት። ሽማግሌ ምን እንደሆነ አታውቅም" አልኩ።

"ሰው አይደለችም?"

በመጨረሻ ተስማማን። ሽማግሌዎቹ ሄደው፣ አይተው፣ ተነጋግረው የወሰኑትን እኔም ሰይድም ቃል ሳንጨምር እንቀበላለን። ሰይድ በልቡ አሸንፎ ተቀመጠ። እኔ ደግሞ ሽማግሌ ረግጣ የምትሄድ ሴት እንዳልባል እሺ ከማለት ውጭ ምርጫ አልነበረኝም።

የጉብኝት ቀን ቅዳሜ ነው፤ መግባት የሚፈቀደው ለቅርብ ቤተሰብ ብቻ ነው። ሰይድ ደውሎ ሦስቱንም አያቶቿ ናቸው ብሎ አስመዘገበ። "ሦስት ወንድ አያት?" አለችው ስልክ ያነሣችው ልጅ። "አዎ፣ ሦስት" አለ ሰይድ፣ "ቢግ ፋሚሊ።"

እኔ ከዋዜማው ጀምሬ ስንቅ አዘጋጀሁ። እስር ቤት ያለ ሰው ሊጠይቅ የሚሄድ ባዶ እጁን አይሄድም፤ ይህች ደግሞ ከእስር ምን ቀራት? መንገዱ ረጅም ነበር። ሃምሳ አለቃ ታደሰ ስለ ሥልጠና ዘመናቸው አወሩ፤ እንዴት በጉልበታቸው ጠጠር ላይ እንደሄዱ፣ አለቃቸው እንዴት አድርጎ እንደጮኸባቸው። መጀመሪያ በምሬት ጀመሩት፣ መሐል ላይ ሳቁ፣ መጨረሻ ላይ "አላህ ይስጠው፣ ሰው አደረገኝ" ብለው ዓይናቸውን ጠረጉ። ሃምሳ አለቃ ክርስቲያን ናቸው፤ ወሎ ሲወለዱ ግን ሰው ሁለቱንም ይችላል። ሼኽ እንድሪስ ወሬው ወዴት እንደሚሄድ ስላልጣማቸው "አሊ፣ መስኮቱን ዝጋው" አሉ።

ጊዜው ደግሞ ጺሙን ያሳደገና ጀለቢያ የለበሰ ሰው ኤርፖርት ላይ ሲቆም እንኳ ሰው ሁሉ ዓይኑን የሚያጉረጠርጥበት ጊዜ ነበር፤ እኛ ይዘን የሄድነው ወደ ወታደር ካምፕ ነው። ጠባቂው ስም ሲያነብ "አያት" አለ፣ ሼኽ እንድሪስ እጃቸውን አነሡ። "አያት" አለ፣ አንገታቸው ላይ ማተብ ያሰሩት ሃምሳ አለቃ ታደሰ እጃቸውን አነሡ። ሦስተኛውን "አያት" ሲል ቀና ብሎ አየን፣ ከዚያ ትከሻውን ነቅንቆ አስገባን። ስንቁን ግን ምግብ አይገባም ብሎ ቫኑ ውስጥ አስቀረብን።

ከበሩ እስከ አዳራሹ ያለው መንገድ ግራና ቀኙ በነጭ ድንጋይ ተሰልፏል። ሁሉም እኩል፣ ሁሉም ንጹሕ። "ይኸዋ፣ ድንጋዮቹ" አለ ሰይድ ጠላቱን እንዳየ ሰው።

ሜዳው ላይ ልጆቹ ሰልፍ ያሳዩ ነበር። ሃምሳ አለቃ ታደሰ ሳይታወቃቸው ቀጥ ብለው ቆሙ፣ ደረታቸው ወጣ፣ ሆዳቸው ገባ። ሰልፉ ሲያልፍ አንድ በአንድ ገመገሙ። "ያ እጁን አብዝቶ ያወዛውዛል። ያ ግራ እግሩ ዘግይቷል። ያቺ… ያቺ ግን ተመልከቷት፣ ከፊት ያለችው። እሷ ነች ሰልፉን የያዘችው። የማን ልጅ ናት?"

ሁላችንም አየን። ቀጥ ያለች፣ አገጯ የቀና፣ ዓይኗ ከፊቷ የማይነቀነቅ ልጅ ናት። እኔ የወለድኳት እናቷ እንኳ ትንሽ ቆይቼ ነው የለየኋት። ሰሚራ ቤት ውስጥ ስትሄድ ሶፋው የሚሄድ ነው የሚመስለው።

"የኛ ናት" አልኩ።

ሰልፉ ሲያበቃ ከአዳራሹ ፊት ለፊት ዛፍ ጥላ ሥር ሳጅኗ መጣች። ረዘም ያለች፣ ጥቁር አሜሪካዊት፣ ልብሷ ላይ አንዲት ሽብሽብ የማይታይባት ሴት ናት። ከሼኽ እንድሪስ ጀለቢያ ጋር ይግባባሉ ብዬ አሰብኩ። ሰሚራ ከጎኗ ቀጥ ብላ ቆመች። ዓይኗ እንባ ቋጥሯል፣ ግን አልወረደም። አስተርጓሚ ያስፈልግ ነበር፤ የሰይድ እንግሊዝኛ እዚህ ድረስ አያደርስም፣ ከሷ በቀር ደግሞ ማንም የለም። እኔ እንግሊዝኛ እንደማልችል ነው የሚታወቀው። አስቡት እንግዲህ፤ ልጅቷ ራሷ ተከሳሽ፣ ራሷ ከሳሽ፣ ራሷ አስተርጓሚ ሆነች።

ሰይድ ዞር ዞር አለ። "ሼኽስ?"

ሼኽ እንድሪስ የሉም። ቀና ስንል በመንገዱ ጫፍ ላይ ጎንበስ ብለው ሲመጡ አየናቸው። አንድ ነጭ ድንጋይ ማጅራታቸው ላይ ተሸክመዋል። በአገራችን አጥፊ ይቅርታ የሚጠይቀው እንደዚያ ነው፤ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ። ልጅቱ አለቃዋን አስቀይማ እንደሆነ እኔ እሸከምላታለሁ ብለው ነው። ሁለት ጠባቂዎች ግን ይህን ወግ አያውቁም። አንድ ባለ ጺም ሽማግሌ ድንጋይ አንሥቶ ወደ ሳጅናቸው ሲሄድ ነው የሚታያቸው፤ ሮጡ። ሳጅኗም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

ከሁሉም የቀደመችው ሰሚራ ናት።

"ኖ! ኖ! ሼኽ! ድንጋዩን ይመልሱ!" ድምጿ ሜዳውን አናወጠው። ጩኸቱ የሳጅኗ ጩኸት ነው፣ ቅጂው እንኳ አይለይም። "እኔ ነኝ የቀባሁት! መስመሩን ያበላሹታል!"

ሼኽ እንድሪስ እንዳጎነበሱ ቆሙ። ሰሚራ ድንጋዩን ከማጅራታቸው ላይ በሁለት እጇ ቀስ ብላ አነሣች። ለጠባቂዎቹ አንድ ሁለት ቃል ተናገረች፣ እነሱም ቆሙ። ድንጋዩን ወደ ቦታው ወሰደች፣ አስቀመጠች፣ በጫማዋ ጫፍ ገፋ አደረገችው፣ ወደ ኋላ ሄዳ አየችው፣ አልጣማትም፣ ተመልሳ ትንሽ አቀናችው። ከዚያ ሮጣ መጥታ ቦታዋ ላይ ቆመች።

እኔ አስተዋልኩ። ያቺ ልጅ ሼኽ እንድሪስን ዕድሜዋን ሙሉ "አንተ" ስትላቸው ኖራ፣ ዛሬ "ይመልሱ" አለች። ያቺ አልጋዋን አንጥፋ የማታውቅ ልጅ ድንጋይ ታቀናለች። ልወጣ ነው የሚል ሰው ጥሎት ለሚሄደው ቤት ድንጋይ አያቀናም። ግን አሁን የሚወስኑት ሽማግሌዎቹ ናቸው፣ እነሱ ደግሞ የመጡበትን አልረሱም።

ሼኽ እንድሪስ ማጅራታቸውን እያሻሹ ጀመሩ። "ልጄ ሰሚራ፣ እንዲህ በይልን። እኛ የዚህች ልጅ አባቶች ነን። ሕፃን ናት፣ ብታጠፋም ይቅር በያት። ደክሟታል። ልጃችንን በክብር ስጪን፣ ቤታችን ወስደን እናሳድጋት።"

ሰሚራ ሰማች። ወደ ሳጅኗ ዞረች፣ በእንግሊዝኛም እንዲህ አለች። "ማዳም፣ አያቶቼ ያመሰግኑዎታል። ትዕግሥት እንዲያደርጉልኝ ይለምኑዎታል። እስከ መጨረሻው እንድቆይ ነው የሚፈልጉት።" ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጨመረች። "እሷም ራሷ መጨረስ ትፈልጋለች፣ እንዴት እንደምትናገረው ነው ያላወቀችው፣ ይላሉ።"

የቤተ መጻሕፍቱን አስተማሪዬን አላህ ይባርካት፣ አንድ ቃል አላመለጠኝም።

ሳጅኗ ሦስቱን አያቶች በየተራ አየቻቸው። ቀስ ብላ መለሰች። እልኸኛ ናት አለች። የምጮኸው ይወጣዋል ብዬ ባመንኩበት ልጅ ላይ ነው፤ ተስፋ በቆረጥኩበትማ ድምፄን አላባክንም አለች። ንገሪያቸው፣ እስክትጨርሺ ድረስ እኔም አልለቅሽም አለች።

አሁን ሰሚራ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ይህች ልጅ በሕፃንነቷ ሳሎናችን ውስጥ ስንት እርቅ ሲደረግ ቴሌቪዥን የምታይ መስላ ተቀምጣለች። ለካ ቴሌቪዥኑን አልነበረም የምታየው።

"ሼኽ፣ ሳጅኗ እንዲህ ነው የምትለው" አለች። "እናንተን የመሰሉ አባቶች ከሩቅ መንገድ መጥተው እምቢ ማለት ነውር ነው። ልጃችሁ ናት፤ እንውሰዳት ካላችሁ አፌን ከፍቼ አልናገርም። ግን እናንተ እኔን እንደለመናችሁኝ እኔም ልለምናችሁ። እስክትጨርስ ድረስ በአደራ ተዉልኝ።"

ሃምሳ አለቃ ታደሰ ኮፍያቸውን አወለቁ። ጋሽ አሊ፣ ከስማይርና ጀምሮ ቃል ያልተናገሩት ጋሽ አሊ፣ "ለመነችን እኮ" አሉ።

"ለመነችን" አሉ ሼኽ እንድሪስም። ዓይናቸው ሞላ። "አየሽ ዘይነባ፣ ሰው አይደለችም ወይ ብዬሽ አልነበር? እንዲህ የምትል ሴት ከየት ቤት ናት? የለመነን ሰው ምን ብለን ባዶ እጁን እንሰደዋለን? አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ። በአደራ ትተናታል በያት።"

እንግዲህ እኔ መናገር እችል ነበር። የሽማግሌ ቃል ከዓይኔ ሥር ሲገለበጥ አይቻለሁ፣ ሰይድም ዓይኑ በእኔ ላይ ነው። ግን ይህች ልጅ እስከዚያ ቀን ስታስተረጉም ለራሷ የሚመቻትን ነበር የምትመርጠው። ያን ቀን ከፊቷ ቤቷ፣ አልጋዋ፣ የእናቷ ምግብ፣ የአባቷ ጉልበት ቀርበውላት የመረጠችው ጎህ ሳይቀድ መነሣትን ነው። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል። ያን ቀን አቡክታ ያቀረበችውን በላሁ፣ ጠገብኩም። ዝም አልኩ።

ሼኽ እንድሪስ እጃቸውን ዘርግተው ሳጅኗን መረቁ። ዕድሜ፣ ጤና፣ ማዕረግ፣ መልካም ባል፣ አንዱንም አላስቀሩባት። መልካም ባሉ ላይ ሲደርሱ ሰሚራ ሳቋን አፈነች። ሳጅኗ ምን እንደሆነ ባይገባትም የነሱን አይታ መዳፏን ዘረጋች፣ "ኤሜን" አለች። ሰይድ እንደ ቃሉ አልፈረመም። ልጁን አቅፎ ግንባሯን ሳማት፣ እሷም ለአንድ አፍታ ሳጅኗ ፊት ወታደርነቷን ረስታ አንገቱ ሥር ተሸጎጠች። ስንመለስ ስንቁን መንገድ ላይ ሽማግሌዎቹ ጨረሱት። ሼኽ እንድሪስ እየበሉ "የዛሬው ሽምግልና ከባድ ነበር" ሲሉ ሰማኋቸው፤ ጀለቢያቸው ኮሌታ ላይ ነጭ ቀለም ተለጥፎ ነበር፣ የማይለቀው ዓይነት። እስከ ዛሬ አልለቀቀም፣ እሳቸውም ለሠርግና ለበዓል ያንኑ ነው የሚለብሱት።

የሰሚራ ምርቃት ቀን ሲደርስ ማንም ሳይጠራቸው ሦስቱም ተነሡ። "አደራችንን ልንቀበል ነዋ" አሉ ሼኽ እንድሪስ። ጠባቂው ያው ሰውዬ ነበር፤ "አያት፣ አያት፣ አያት" ብሎ ራሱ ጠራቸው። ሰሚራ ዲፕሎማዋን ተቀበለች፣ ሰልፉን ከፊት መራች፣ ሃምሳ አለቃ ታደሰ አንድ ስሕተት ፈልገው አጡ። ሁሉ ካበቃ በኋላ ሽማግሌዎቹ ሳጅኗ ፊት ተሰለፉ።

"ሰሚራ፣ እንዲህ በያት" አሉ ሼኽ እንድሪስ። "ለምነሽን የሰጠንሽን አደራ፣ ከሰጠንሽ አብልጠሽ መልሰሻል።"

ሰሚራ ደነገጠች። ሳጅኗ አልለመነችማ! ይህ ቃል በቀጥታ ከደረሰ ነገሩ ሁሉ ሊወጣ ነው። አፏን ከፍታ ቃል ስትፈልግ አየኋት፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ቃል ጎድሏት አያውቅም።

አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄድኩና የሳጅኗን እጅ ጨበጥኩ። ቀስ ብዬ፣ በቤተ መጻሕፍት እንግሊዝኛዬ፣ "ልጄን በአደራ ሰጥተንዎት ነበር፣ ከሰጠንዎት አብልጠው መለሱልን፣ እግዜር ይስጥልኝ" አልኳት። ሳጅኗ አቀፈችኝ። ሼኽ እንድሪስ "ምን አለች?" ብለው ሰይድን ጠየቁ፣ ሰይድ ግን መልስ የሚሰጥ ሁኔታ ላይ አልነበረም፤ አፉ ተከፍቶ ነበር።

ሰሚራ ክንዴን ይዛ ወደ ዛፉ ሥር ወሰደችኝ። ነጩ ድንጋይ እዚያው መስመሩ ላይ አለ።

"እማ! እንግሊዝኛ ትችያለሽ? ሲንስ ዌን?"

"ኦቨርታይም ስሠራ።"

ዓይኗ ቀስ በቀስ ፈጠጠ። "ያን ቀንም… ያን ቀን ያልኩትን ሁሉ ሰምተሻል?"

"አንድ ቃል ሳይቀር።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

ኮሌታዋን አስተካከልኩላት።

"ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አልረብሽም" አልኳት።